ምንም አላነሣሁም፤ ውኃ ብቻ ነው

ከሥራ ወጥታችሁ ታክሲ ሊያመልጣችሁ ሲል ሮጣችሁ ታውቃላችሁ። እኔም ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ በሩን ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ቦርሳዬን በብብቴ ወሽቄ በግራ እግሬ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። ወዲያው ባቴን ከበስተኋላ በድንጋይ የተመታሁ መሰለኝ፤ «ጧ» የሚል ድምፅም ሰማሁ። ማን ነው ይህ ባለጌ ብዬ ተቆጥቼ ዞር አልሁ። ድንጋይ የሚወረውር ይቅርና በቅርቤ የቆመ ሰው እንኳ አልነበረም። ሕመሙ እንደ ድምፁ የበረታ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ለመራመድ ስሞክር እግሬ መሬቱን መግፋት አቃተው። ታክሲውም ሄደ።

የተረከዝ ጅማት ሲበጠስ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ይህ ጅማት የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው ነው። ስንራመድ፣ ደረጃ ስንወጣ፣ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ለማውረድ በጣቶቻችን ስንቆም ዋናውን ጫና የሚሸከመው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከተረከዝ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ክፍሉ ደም እንደ ልብ የማይደርሰው በመሆኑ፣ የሚበጠሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው፤ ሲድንም ቀስ ብሎ ነው። ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበዛል ይላሉ ሐኪሞች፤ ከሴቶች ይልቅም ወንዶችን ያጠቃል። እኔ ያን ጊዜ 36 ዓመቴ ነበር፤ ሴት መሆኔ ግን አላዳነኝም።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። ጎረቤቶች ደግፈውኝ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ አይታ፣ «ወለምታ ነው፤ ወጌሻ ትምጣ» አለች። መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የሚታመን ሴት ናቸው። በሆዴ አስተኙኝና መጀመሪያ የደኅናውን የቀኝ እግሬን ባት ጨመቅ አደረጉት፤ መዳፉ ወደ ታች ነቅነቅ አለ። ቀጥለው የግራውን ጨመቁት፤ መዳፉ ዝም አለ። እንደገና ጨመቁት፤ ዝም። ቅቤውን ወደ ጎን አስቀመጡና፣ «ይኼ የእኔ አይደለም ልጄ፤ ገመዱ ተበጥሷል። ነገ ማለዳ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ እስከዚያው ማንም እንዳያሽሽ» አሉኝ። በነጋታው ሐኪሙም በሆዴ አስተኝቶኝ ያደረገው ያንኑ ነው፤ የደረሰበትም ፍርድ ያው ነው። ያለ ቦታው ታሽቶ የባሰበት ስብራት ብዙዎቻችን አይተናል። የእኔዋ ወጌሻ ግን የሙያቸውን ወሰን የሚያውቁ ነበሩ፤ ምስጋናዬ አይለያቸው።

ሐኪሙ ካቀረበልኝ ጥያቄ አንዱ አስገረመኝ። «በቅርብ ጊዜ ሲፕሮ የሚባለውን መድኃኒት ወስደሻል?» አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሽንት ቧንቧ ሕመም ይዞኝ፣ ማንም ሳያዝልኝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ውጬ ነበር። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእርሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ጅማትን ሊያዳክሙ እንደሚችሉ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ ይህንኑ የሚገልጽ ከሁሉ ጎልቶ የሚታይ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አዝዟል። የእኔን ጅማት የበጠሰው ይህ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ግን በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ሲፕሮ ስላለ፣ ነገሩን ሳላነሣው ማለፍ አልፈለግሁም።

የተበጠሰ የተረከዝ ጅማት አንዳንድ ጊዜ ሳይሰፋም በመደገፊያ ታስሮ ሊድን ይችላል። እኔና ሐኪሜ ተመካክረን ስፌቱን መረጥን። ረቡዕ ጥቅምት 20 ቀን ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ፤ እግሬ ጣቶቹ ወደ ታች እንደተቀሰሩ በጄሶ ታሰረ።

ከዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልንገራችሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድሁ በኋላ ወገቤን እያመመኝ ልጅ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ጭንቅ ሆኖብኝ ነበር። በኮንዶሚኒየማችን ግቢ ጥቂት ሴቶች ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተሰብስበን ሰውነት ማጠንከር የጀመርነው በዚያ ምክንያት ነው። ዕቃችን ውድ አይደለም፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ሲሚንቶ አፍስሰን፣ በብረት ቱቦ ግራና ቀኝ ያያዝነው አርማታ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 40 ኪሎ ከመሬት አንሥቼ ቀጥ ብዬ ለመቆም በቃሁ፤ ወገቤም ዝም አለ። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ግን ከጅምሩም ነገሩ አልጣመውም፤ ጅማቴ ሲበጠስ ደግሞ ምክንያት አገኘ። «ዱሮም ብዬሽ ነበር፤ ብረት ማንሣት የሴት ነገር አይደለም» አለ። የበጠሰኝ ታክሲው መሆኑን ብነግረውም አልሰማኝም። አርማታውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ምድር ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፈበት። በክፋት አይደለም፤ ፈርቶልኝ ነው። ይህን አርማታ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሆስፒታል ሳልወጣ ክራንች አያያዝ ሊያሳየኝ የመጣው ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው ሐሳቤን የለወጠው። እኔ፣ እንግዲህ ሦስት ወር ተኝቼ ነው የምከርመው፣ የሁለት ዓመት ድካሜም ገደል ገባ ብዬ ሳለቅስ ደረሰ። «የተሰፋው አንድ ጅማት ነው፤ ለቀረው ሰውነትዎ ዕረፍት አልታዘዘለትም» አለኝ። ቀጥሎም ጅማት እንዴት እንደሚድን አስረዳኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁስሉ ያብጣል፤ ከዚያ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሰውነት በችኮላ የሠራው፣ ክሮቹ የተዘበራረቁ ደካማ ጅማት ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ከዚያም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በሚፈጅ ሥራ ያ ደካማ ክር በብርቱ ይተካል። ክሮቹ የሚሰለፉት ደግሞ ጅማቱ በሚሳብበት አቅጣጫ ነው፤ ስለሆነም በልኩ መሳብ አለበት። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። ዕድሜ ልኳን ጥጥ የፈተለች ሴት ናት። «ፈትል ነዋ!» አለች። «ቶሎ ከሳብሽው ይበጠሳል፤ ካልሳብሽው ደግሞ ጥጥ ሆኖ ይቀራል።» ባለሙያው ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሌላ በሽተኛም ይህንኑ እንደሚናገር ነግሮኛል።

በጄሶው ሁለት ሳምንት እግሬን ከልቤ ከፍ አድርጌ ትራስ ላይ አሳርፋለሁ፤ ግራ እግሬ መሬት አይነካም። እናቴ እንደ አራስ አጥሚትና የአጥንት መረቅ ታመላልስልኛለች። እኔ ግን በቀን በቀን ካልሆነም ቀን እየዘለልሁ እሠራለሁ። አንድ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ሁለቱን ይዤ ጀርባዬን ከግድግዳ አስደግፌ አልጋ ላይ እንደተቀመጥሁ ወደ ላይ እገፋለሁ። ከጎሚስታ ቤት የተጣለ ከመነዳሪ አስመጥቼ በረጅሙ ቆርጬ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ አሥሬ ወደ ጎድኔ እስባለሁ። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን ሳላጥፍ የታሰረውን እግሬን አነሣለሁ፤ በጎኔም ዞሬ እንዲሁ። ጄሶው ራሱ ክብደት ስለሆነ ሌላ አያስፈልግም። የጭንና የዳሌ ጡንቻ ከባት ጋር አብሮ ካልቀለጠ፣ ኋላ እግር ሲፈታ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስሰማው ተረት መስሎኝ ነበር። ደኅናውን እግር ብቻ ማሠራት የታሰረውንም ይጠቅመዋል። ጡንቻን የሚያዝዘው አንጎልና ነርቭ በመሆኑ፣ በአንዱ ወገን የሚሠራው ለሌላውም በጥቂቱ ይተርፈዋል፤ ኃይሉ ፈጥኖ እንዳይወርድ ያግዛል። ስለዚህ ክራንቹን ከለመድሁ በኋላ የወንበሩን ጀርባ ከግድግዳ አስጠግቼ በቀኝ እግሬ ብቻ መነሣትና መቀመጥ ጀመርሁ። እናቴ አጠገቤ ቆማ «በሥላሴ!» እያለች።

በእነዚህ ሳምንታት የሚያስፈራው የጅማቱ ነገር ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ። የታሰረ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ባት ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ቢጠዘጥዝ፣ ይልቁንም ትንፋሽ ቢያጥርና ደረት ቢወጋ፣ ነገ እያሉ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ወጣ፤ ጄሶውም በቦት መሰል መደገፊያ ጫማ ተተካ። ከተረከዜ ሥር ሦስት ሽብልቅ ተደርጎበት ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እየተነሣ በስምንተኛው ሳምንት መዳፌ መሬት ተኛ። (ይህ ለእኔ የታዘዘው ነው፤ የሌላው ሰው አቆጣጠር ሊለይ ስለሚችል ሐኪሙ ያለው ይፈጸም።) ባቴን በዓይኔ ሳየው ግን ደነገጥሁ። የሁለት ወር ሥራ መፍታት የልጅ ባት አስመስሎታል። ደጋግሞ የተነገረኝ ትእዛዝም «ማሳሳብ ክልክል ነው» የሚል ነበር። የተሰፋ ጅማት አንዴ ከረዘመ ባትን የማስነሣት ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ቢገትርም፣ ቢያሳክክም፣ ጣትን ወደ ራስ መጎተት የለም። የተፈቀደልኝ ትልቁ ክብደት 3 ኪሎ ሲሆን እርሱንም ተቀምጬ ነው። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፌ በትክክል እፈጽማለሁ። እጅግ ታዛዥ በሽተኛ ነኝ ብዬ በራሴ እኮራም ነበር።

እናቴ ለገና ዝግጅት ወደ አገሯ ተመለሰች። ረቡዕ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ ዘጠኝ ሳምንት በሞላኝ ዕለት፣ በሰፈራችን ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ዕቃው አልታጠበም፤ ለበዓል የሚታጠበው ልብስ ተከምሯል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «ውኃ መጣ!» የሚል ድምፅ ከታች ሰማሁ። መጣ ሲባል እስከ ምድር ቤቱ ቧንቧ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት አቅም የለውም። ቤት ውስጥ በጫማ እንድሄድ ስለተፈቀደልኝ ቦቱን ትቼ፣ ጀሪካኑን ይዤ ወረድሁ። ግማሽ ብቻ ልቀዳ ነበር ያሰብሁት። ከቧንቧው ሥር ስደርስ ግን ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ ይህን ሁሉ ደረጃ ወርጄ ግማሽ ጀሪካን ይዞ መመለስ ሞኝነት መሰለኝ። ሞላሁት።

በግራ እጄ የደረጃውን ብረት፣ በቀኜ ጀሪካኑን ይዤ አንድ ፎቅ ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ የግራ ተረከዜ ከደረጃው ጠርዝ ወደ ታች ወረደብኝ። ያ የምታውቁት የስለት ዓይነት ሕመም ጅማቴን ከታች እስከ ላይ ሳበው። ጀሪካኑ ተንከባሎ ወረደ፤ እኔ እዚያው ተቀመጥሁ። ጎረቤት ወጥታ እስክትደርስልኝ አልጮህሁም፤ እጄን ተረከዜ ላይ አድርጌ ጅማቱ አለ ወይስ የለም እያልሁ እዳስስ ነበር። የቀረውን ደረጃ በመቀመጫዬ እየተሳብሁ ወጣሁ። ያችን ሌሊት ስዳስስ አደርሁ።

በነጋታው ሐኪሙ ባቴን ሲጨምቀው መዳፌ ተነቃነቀ። አልተበጠሰም፤ ተቆጥቶ አብጧል እንጂ። ወደ ቦቱና ወደ አንድ ሽብልቅ ለሁለት ሳምንት ተመለስሁ። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒው ክፍል ተላክሁ።

«ምን አነሡ?» አለኝ ባለሙያው።

«ምንም አላነሣሁም፤ ውኃ ብቻ ነው» አልሁት።

ዝም ብሎ አየኝና ወረቀት ሳበ። «ስንት ሊትር?»

«ያው፣ ጀሪካን ነው። 20።»

«አንድ ሊትር ውኃ ስንት ኪሎ ነው?»

ይህን የአራተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ሃያው ሃያ፤ ጀሪካኑ ራሱ ሲጨመር 21። እኔ 3 ኪሎ ቆሜ እንዳላነሣ ተከልክዬ፣ 21 ኪሎ ይዤ በሌሊት ደረጃ ወጥቻለሁ። ውድ አንባቢያን፣ የዋሸሁት አይደለም፤ ምንም አላነሣሁም ስል ከልቤ ነው። «ክብደት» የሚለው ቃል በጭንቅላቴ ውስጥ የአርማታው ስም ነበር። ጀሪካን ግን ጀሪካን ነው።

«እስቲ ከትናንት ወዲያ ያነሡትን ሁሉ ይንገሩኝ» አለኝና መጻፍ ጀመረ። ሁለት ዓመት ያለፋትን ልጄን 12 ኪሎ፣ ከአልጋ ወደ ፖፖ፣ ከፖፖ ወደ ወንበር፣ ስታለቅስ ወደ ትከሻ፤ ይህ በቀን ስምንት ጊዜ ቢያንስ ነው። የሊጥ ባልዲ። ከሱቅ የተሸከምሁት 5 ኪሎ ዱቄትና ዘይት። የጋዝ ሲሊንደር፣ አላነሣሁትም፣ በእግሬ ገፋ አድርጌው ነው። በየትኛው እግር? በግራው። ሲሊንደር ከነጋዙ ከ25 ኪሎ በላይ ነው። ወረቀቱ ሞላ። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ስፖርት አቆምሁ ብዬ ሳዝን፣ በቤቴ ውስጥ ከስፖርቱ የሚበልጥ ክብደት ያለ ልክ፣ ያለ ዕረፍት፣ በነጠላ ጫማ ሳነሣ ኖሬአለሁ።

ባለቤቴ አርማታውን ቆልፎበታል፤ ጀሪካኑ ግን በሩ አጠገብ እንደቆመ ነበር። ለእኔም ለእርሱም አልታየንም።

ያንን ወረቀት ማታ ራት ላይ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥሁለት። አነበበው። «ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?» አለ። «ተረኛ ነህ» አልሁት። «ጎረቤትስ?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ውኃ ቅዳልኝ ብሎ የሰው በር ማንኳኳት ያሳፍረኛል፤ ሲሚንቶ አንሥቶ ላብ በላብ ሆኖ መታየት ግን አላሳፈረኝም። ብዙ ተጨቃጨቅን። እኔ የቤቱ ሥራ ሥራ አይደለም ወይ አልሁ፤ እርሱ ደግሞ የሌሊት ሥራዬ ጨዋታ ነው ወይ አለ። ሁለታችንም እውነት ነበረን። በማግሥቱ ግን አሮጌ በርሜል ገዝቶ መጣና ውኃ በመጣ ቀን ከሥራ መልስ መሙላት የእርሱ ሆነ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ባለ 5 ሊትር ዕቃ ተሰጠው፤ ሲሊንደር የሚያወጣ የሰፈር ልጅ በገንዘብ ያዝን። ትንሿን ማንሣት አቁሜ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እርሷ ወደ ጭኔ እንድትወጣ አስለመድኋት። ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ራሷ ዱካ ገፍታ አልጋ ላይ መውጣት ቻለች። ባለቤቴ ዛሬ ለዘመድ ሲያወራ ይህን ሁሉ ያሰበው እርሱ ይመስላል፤ እኔም አላርመውም።

የሁለቱ ሳምንት ቅጣት ካለቀ በኋላ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያንኑ ወረቀት ገለበጠና፣ «አሁን እነዚሁን በልክ እናንሣቸው» አለኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ 5 ኪሎ ጤፍ በከረጢት አድርጌ ተረከዜን ከመሬት ማንሣትና ቀስ ብዬ ማውረድ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ኋላ 10 ኪሎ። ከባት ጡንቻዎች ውስጠኛው ጉልበት ታጥፎ በሚሠራበት ጊዜ ይበልጥ ስለሚደክም መጀመሪያ የሚጠነክረው እንዲህ ነው። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ በሁለት እግር በጣት መነሣት፤ ቀጥሎ በሁለት እግር ተነሥቶ ክብደቱን ወደ ግራው እያዛወሩ መውረድ። ይህ ሁሉ በደልዳላ ወለል ላይ ነው። በደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዝን ዝቅ ማድረግ እስከ አምስተኛው ወር አልተፈቀደልኝም፤ ምክንያቱን ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ጀሪካኑም ተመለሰ። ሊትሩ በኪሎ ስለሆነ ከእርሱ የሚሻል ክብደት የለም ብል አታጋነንሽ አትበሉኝ። አርማታ 10 ኪሎ ከሆነ 10 ኪሎ ነው፤ ጀሪካን ግን እንደ አቅም ይሞላል። በመጋቢት በ5 ሊትር ጀመርሁ፤ ሁለት እግሬን ገጥሜ፣ ወገቤን አቅንቼ፣ ከመሬት አንሥቼ ማስቀመጥ ብቻ፤ መራመድ የለም። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ይጨመራል። ሁለት ሕግ ነበረኝ። የመጀመሪያው፣ ስሠራ የሚሰማኝ ሕመም ከ10 ከ3 እንዳይበልጥ። ሁለተኛው ለእኔ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ነው፤ በነጋታው ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች አያለሁ፤ ጅማቱ ከትናንቱ ይበልጥ ከደረቀብኝ ያን ቀን አይጨመርም፣ ይቀነሳል እንጂ።

ልንገራችሁ፣ ትዕግሥቱ ከክብደቱ ይበልጣል። አምስተኛው ወር ሲገባ አካሄዴ ተስተካክሎ ስለነበር ሰው ሁሉ «ድነሻል» ይለኛል፤ እኔ ግን በግራ እግሬ ብቻ ተረከዜን አንዲት ጣት ያህል ማንሣት አልችልም። ቆሜ እግሬን አዝዘዋለሁ፤ እንደ ሰው እግር ዝም ይለኛል። በዚያን ጊዜ ኃይሌ ገብረሥላሴ ትዝ አለኝ። የእርሱም ሕመም የዚሁ ጅማት ነበር። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ ጅማቱ እያመመው ሮጦ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከመቶ ዘጠኝ እጅ ሰከንድ በማይበልጥ ጊዜ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ጅማቱን በቀዶ ጥገና ታከመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በፊት አራት ተከታታይ የዓለም ሻምፒዮናዎችን ያሸነፈ ሰው ነውና፣ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፣ እቤታችን ሐዘን ነበር። ነሐስ! አልን፤ ኃይሌ አለቀለት የሚሉም ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ መስከረም 1994 ዓ.ም. በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። አሁን ጅማቴ ከተሰፋ በኋላ፣ ከወርቁ ሁሉ ይልቅ ያችን ነሐስ ነው የማስበው። ከስፌት በኋላ ዓመት ሳይሞላ 25 ዙር!

ግራ እግሬ ብቻውን ያነሣኝ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ውስጥ ነው። ዕቃ እያጠብሁ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛውን ስሞክር እንቢ አለኝ። እጄ አረፋ እንደያዘ ለእናቴ ደወልሁ። «ምን ሆንሽ?» ብላ ደነገጠች። «ፈትሉ ያዘ» አልኋት።

በስድስተኛው ወር ሶምሶማ፣ በክረምቱ መጨረሻ ገመድ ዝላይ ተፈቀደልኝ። አርማታውም ከዕቃ ቤት ወጣ፤ ቁልፉን ያመጣልኝ ባለቤቴ ራሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንሥቶ ሞከረውና ወገቡን ይዞ ተወው። እሑድ ማለዳ ከሴቶቹ ጋር ተመልሻለሁ። ዛሬ በ2018 ዓ.ም. የማነሣው 30 ኪሎ ነው፤ ወደ 40 ገና አልደረስሁም። በቀኝ እግሬ 25 ጊዜ በጣቴ እነሣለሁ፣ በግራዬ 19። ግራው ባቴ በሜትር ሲለካ ከቀኙ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይቀጥናል፤ ምናልባት እንዲሁ ይቀራል ብለውኛል። ታክሲ ለመያዝ አልሮጥም፤ ይህ የሐኪም ትእዛዝ ሳይሆን የራሴ ፍርሃት ነው።

ትናንት ማታም ውኃ መጣ። ባለቤቴ ሁለት ጀሪካን ይዞ ወረደ፤ እኔ ጫማዬን አሥሬ ሦስተኛውን ይዤ ተከተልሁት። የቀዳሁት 10 ሊትር ነው። በደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።